ሦስት ንጹህ ጠዋት

ሞተር ብስክሌታችን ቀይዋ ታድሳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳች ቀን በመጋዘኑ ጣሪያ ላይ የነበሩት እርግቦች ግር ብለው በረሩ፤ እኔም አብሬያቸው የበረርኩ መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወንድሜ ኦስማር ሰባት ጊዜ ረገጣት፣ ሰባት ጊዜ አኮረፈችው። በስምንተኛው ሳል አደረጋት፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ዱ-ዱ-ዱ-ዱ ማለት ጀመረች። እናቴ ጭልፋ እንደያዘች ከማድቤት ሮጣ ወጣች። እኔ እየዘለልኩ እጮሃለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጮህ ግን እኔው ራሴ አልሰማሁም።

ያልጮሁት አያቴ ሰቬሪኖ ብቻ ነበሩ። ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ወደ ሞተሩ አስጠጉ፤ ሳይነኩት፣ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ግንባር ሊዳስሱ እንደሚሉ ሰው። ጥቂት ቆይተው «በቃ፣ አጥፋት» አሉ።

«ኧረ አባባ! አሁን ገና ተነስታ?» አለ ኦስማር።

«አሁን ገና ስለተነሳች ነዋ። ውርንጭላ በእግሩ በቆመበት ቀን ይጋለባል እንዴ?»

አያቴ በወጣትነታቸው ሜዳው ላይ ባሉት ትልልቅ የከብት እርሻዎች ፈረስ ገሪ ነበሩ። ፈረሱን ትራክተር ሲተካው ትራክተር መጠገን ተማሩ፤ አነጋገራቸውን ግን አልቀየሩም። ለእሳቸው የታደሰ ሞተርም መጀመሪያ የሚገራ ነገር ነበር። አዲሱ ፒስተንና ሲሊንደሩ አይተዋወቁም፤ እስኪላመዱ አንዱ ሌላውን ይቧጭራል። ስለዚህ አንድ ሺህ ኪሎሜትር በዝግታ፣ መጀመሪያ ከአርባ ሳያልፉ፣ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ዛፍ ጥላ ሥር እያሳረፉ። «በችኮላ የተገራ ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ ሲደነብር ይኖራል» ይሉ ነበር።

ቀይዋ የአባታችን ሞተር ብስክሌት ነበረች። አባቴ ወደ ደቡብ፣ ወደ ነዳጅ ጉድጓዶቹ ሲሄድ በአውቶቡስ ነበር የሄደው፤ እሷን ሸራ አልብሶ ከዶሮዎቹ ጋር ተዋት። እኔ ያኔ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደብዳቤው መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፣ ኋላ በገና በገና፣ ኋላ ጨርሶ ቀረ። በቤታችን «ደቡብ» የሚል ቃል ሲነሳ እናቴ የምታጥበው ሳህን መንኳኳት ያበዛል። እኔ ደቡብን የማውቀው ፖስታ የማይደርስበት ሩቅ አገር አድርጌ ነበር።

ያን ክረምት አያቴና ኦስማር ሞተሩን እስከ አጥንቱ ፈቱት። ፒስተኑና ፋሻው፣ ማለት ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች፣ ከዋና ከተማው በባቡር መጡ። ጓርኒሲዮኖቹ ግን፣ ማለት በሁለት ብረቶች መካከል ገብተው ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክሉት ስስ ወረቀቶች፣ የትም አልተገኙም። አያቴ ደስ አላቸው። «ጓርኒሲዮን ከሱቅ የሚገዛ ሰው የገዛ ሞተሩን አያውቀውም» አሉና የሒሳብ ደብተሬን አረንጓዴ ሽፋን ገነጠሉት። የሞተሩን ጠርዝ መስታወት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። ሽፋኑን ጠርዙ ላይ አስተኙና ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ፣ ቲክ ቲክ ቲክ፣ ይመቱት ጀመር፤ ብረቱ ራሱ ወረቀቱን ቆረጠው። ሲያነሱት የሞተሩ ክዳን ሥዕል እጃቸው ላይ ነበር። ደብተሬ ራቁቱን ስለቀረ ልቅሶ ጀመርኩ፤ ኦስማር «ዝም በይ፣ ቁንጫ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺም የሞተሩ አካል ነሽ» ሲለኝ ግን የጂኦግራፊውንም ሮጬ አመጣሁ።

ክዳኑን ሲያስሩ ኦስማር መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ሊያጠብቅ ሞከረ። አያቴ እጁን በጥፊ መቱት።

«በመስቀል! አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ማዶ። በግማሽ ጉልበት። አጥብቀህ ስለያዝከው የማያፈስ መሰለህ? የታነቀ ነገር ነው የሚያፈስ።»

የመጀመሪያው ጠብታ በእርግጥ ከሞተሩ የወጣ ነበር። በተነሳች በሁለተኛው ቀን ሞተሩን በየስፌቱ ጥቁር ላብ አላበው። ኦስማር ወረቀቱን ሊወቅስ ተነሳ፤ አያቴ ግን ከሞተሩ ራስ የምትወጣውን ትንሽ ቧንቧ ፈትተው በሽቦ ጎረጎሯት። የደረቀ ጭቃ ወጣ፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተርብ ቤት ሠርታባት ኖሯል። «ሞተርም ይተነፍሳል» አሉ። «ትንፋሹን ከዘጋህበት ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ያለቅሳል።» ቧንቧዋ ከተጠረገች በኋላ ላቡ ቆመ።

ከዚያ የመገራቱ ወራት መጣ። ያን ጊዜ በእኛ አገር ሞተሩ አዲስ ወይም የታደሰ ሰው ሁሉ ከኋላው ጽሑፍ ይለጥፍ ነበር፤ ከኋላ የሚመጣው ጡሩንባ እንዳያበዛበት። የእኛን እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «በመገራት ላይ ነኝ።» የመጀመሪያውን ሦስት መቶ ኪሎሜትር ኦስማር ብቻውን ነዳ። ከዚያ አያቴ ከመሬት አንስተው መዘኑኝና «ይቺ ድመት ታክላለች፣ ትቀመጥ» አሉ።

በአርባ ኪሎሜትር ፍጥነት ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም! የበቆሎው ማሳ ያልፋል፣ ላሞቹ ቀና ይላሉ፣ ጸጉሬ አፌ ውስጥ ይገባል። የጭነት መኪኖች እየሳቁብን ያልፋሉ። አንድ ቀን የዳቦ ጋጋሪያችን የዶን ኩስቶዲዮ የፈረስ ጋሪ ቀደመን። ዶን ኩስቶዲዮ ጅራፉን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ሰጠንና «ልጎትታችሁ እንዴ?» አለ።

«ዳቦህ ይረርብህ!» አልኩት።

«ተይ የኔ ልጅ፣ የወንድምሽ ሞተር እኮ ለአንቺ ሠርግ ታደርሳችኋለች፤ ከአሁኑ ከተነሳችሁ!»

የመጀመሪያውን ዘይት ስንቀይር ከሥር ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ፀሐይ ላይ ሲታይ ግን ውስጡ ያብለጨልጫል። «ብር! ቀይዋ ብር ትሠራለች!» ብዬ ግቢውን ዞርኩት። ኦስማር ደረቱን ነፍቶ «አዎ፣ ሀብታም ሆነናል» አለ። በጠርሙስ አስቀመጥኩት። አሁን የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ያ ብናኝ ሁለት ብረቶች ተፋትገው እስኪላመዱ ያጡት ነገር እንደሆነ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ። ያኔ ግን ብር ነበር።

ሰባት መቶኛው ኪሎሜትር ላይ ደብዳቤው መጣ። የደቡብ ማህተም ነበረበት። ከአባቴ መስሎኝ በደስታ ልሞት ነበር፤ የተጻፈው ግን ለኦስማር ነው። ምሳ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው፦ በነዳጅ ጉድጓዶቹ ሥራ ተሰጥቶታል፣ በማርች የመጀመሪያው ሰኞ መገኘት አለበት፣ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች። «ያ አገር አንድ ሰው አይበቃውም?»

«እማዬ፣ እኔ እሱ አይደለሁም።»

«እሱም ሲሄድ እንደዚህ ነበር ፊቱ የሚበራው።»

አያቴ ማቴ የሚባለውን መራራ የቅጠል ሻያቸውን ከቅሉ በብረት ቧንቧ ይስቡ ነበር። ቅሉ ባዶ ሆኖ እየተንጫጫ እንኳ መሳባቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ «አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎሜትር ነው» አሉ። «በሚያፈስ ሞተር ያን በረሃ አይሞክሩትም። አንድ ሺው ይሙላ። ከዚያ ማታ ማታ ነጭ ወረቀት ከሥሯ እናነጥፋለን። ሦስት ንጹህ ጠዋት በተከታታይ ካየሁ፣ ትሄዳለህ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

«እኔስ?» አልኩ። «ሙሉ ጋዝስ፣ እስከ መጨረሻው መፍጠኑስ፣ መቼ ነው?»

ኦስማር ሳቀ። «በሦስተኛው ንጹህ ጠዋት፣ ቁንጫ። ከመሄዴ በፊት አንቺን ከኋላ አድርጌ፣ እስከ ነፋስ ወፍጮው፣ ሙሉ ጋዝ!»

ከዚያ ምሳ የገባኝ ይህ ብቻ ነበር። ኦስማር ደቡብ ደርሶ፣ አባቴን ከኋላው ጭኖ፣ በሳምንቱ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ለምን ምግቧን እንደተወች አላወቅኩም። በመካከላችን ያለው ችግር ዘይት ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ ዘይት ደግሞ ይጠገናል።

አንድ ሺው ሞላ። ወረቀቱን በየቀኑ ከዶን ኩስቶዲዮ ዳቦ ቤት የማመጣው እኔ ነበርኩ፣ ዳቦ የሚጠቀለልበትን ነጭ ወረቀት። የመጀመሪያው ጠዋት ንጹህ። ሁለተኛው ንጹህ። በሦስተኛው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም በሌሊት ልብሳችን መጋዘን ገባን። ወረቀቱ መሃል አንዲት ጠብታ ነበረች። ክብ፣ ጥርት ያለች፣ የማር ጠብታ የምትመስል።

«ታለቅሳለች» አሉ አያቴ። ወረቀቱን ማንም ሳይነካው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ኦስማር ክዳኑን ፈታ፣ ከጂኦግራፊ ደብተሬ ሽፋን አዲስ ቆረጠ፣ በመስቀል አሰረ፣ አሞቀ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና አጠበቀ። እንደገና አንድ ንጹህ ጠዋት። ሁለት። በሦስተኛው፣ ጠብታ። ዶን ኩስቶዲዮ ወረቀት ልወስድ በሄድኩ ቁጥር «ልጅቷ ዛሬም አልጋዋ ላይ ሸናች?» ይለኝ ጀመር። እኔ ቀይዋን ወክዬ በሃፍረት እቃጠላለሁ።

በዚያው ሳምንት በአንድ ቀትር፣ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ፣ በለስ ልሰርቅ በመጋዘኑ ጀርባ ሾልኬ ነበር። ከውስጥ «ቶክ» የሚል ሰማሁ። በሽንቁሩ አየሁ። አያቴ ከቀይዋ አጠገብ ተንበርክከዋል፤ በእጃቸው አፏ እንደ ወፍ መንቁር የቀጠነች፣ ቂጧን ሲጫኗት «ቶክ» የምትል የዘይት ጣሳ አለች። ጣሳዋን ከሞተሩ ሥር አስጠግተው በጣም በጥንቃቄ ክንዳቸውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያደረጉ ቦታ ይለካሉ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። ጣሳዋን ከኋላቸው ደበቁ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው አወጧት።

«መድኃኒት እየሰጠኋት ነው።»

«ይሻላታል?»

«እንጃ፣ ልጄ።» ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ለኦስማር አትንገሪው። በራሱ ያዳናት ይምሰለው።»

አልነገርኩም። እንዲያውም ኩራት ተሰማኝ። እኒህ ሽማግሌ እንቅልፋቸውን ትተው ለወንድሜ ሲሉ የታመመች ሞተር ያስታምማሉ ብዬ ለምሳ የደረሰኝን ጣፋጭ ሳይቀር ሰጠኋቸው።

ሦስተኛው ዙር የመጨረሻው ነበር፤ ሰኞ ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል፣ መንገዱ ብቻ አራት ቀን ይፈልጋል። አንድ ንጹህ። ሁለት ንጹህ። ሦስተኛው ጠዋት አውራ ዶሮው ሳይጮህ ነቃሁ። እናቴ ተኝታለች። ኦስማር ከታሰረ ሻንጣው አጠገብ ተኝቷል። በባዶ እግሬ ጤዛውን ተሻግሬ መጋዘኑን ከፈትኩ።

ጠብታዋ እዚያ ነበረች።

ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ሙሉ ጋዙ ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ፤ አባቴ ከኦስማር ኋላ ተቀምጦ ሲመጣ የማየው ሕልምም ጠፋ። ከዚያ እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። የቆሸሸውን ወረቀት ስቤ አጠፍኩት፤ በግድግዳው ጡቦች መካከል ባለው ስንጥቅ አስገባሁትና በጭቃ ደፈንኩት። ከጥቅሉ አዲስ ቀድጄ አነጠፍኩ። አልጋዬ ውስጥ ስመለስ ልቤ እንደ ቀይዋ ነበር፣ ዱ-ዱ-ዱ-ዱ።

ሁሉም ሲገቡ እኔ መጨረሻ ላይ ገባሁ። አያቴ ችግር እንደሌለበት ሰው ዘና ብለው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ቆሙ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጣታቸውን አዩት። ከሞተሩ ሥር አዩ። ቀና ሲሉ ያዩት ኦስማርን ሳይሆን እኔን ነበር፤ ከጉልበቴ በታች እርጥብ የሆነውን የሌሊት ልብሴን፣ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ።

አወቁብኝ፣ አልኩ በልቤ። አሁን ይናገራሉ። ቀይዋ ትቀራለች፣ ኦስማርም ይቀራል፣ ጥፋቱም የኔ ይሆናል።

«እንዴት ነው፣ አባባ?» አለ ኦስማር። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

አያቴ «እንግዲህ…» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «ንጹህ ነው።»

ኦስማር እንደ ጊደር ዘለለ! እናቴን አንስቶ አዞራት፤ እሷም እየሳቀች ጀርባውን ትደበድበዋለች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሌላ ነገር እንደሆነ ያየሁት ዛሬ ነው። እኔም ዘለልኩ፤ ከዚያ ኦስማርን ወደ ጎን ጎትቼ «ትርፍ ዘይት ያዝ። ብዙ ያዝ። በየከተማው ቁም፣ እሺ?» እያልኩ ለመንኩት። «ምን ነካሽ፣ ቁንጫ? ንጹህ ናት እኮ!» አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤው እስኪደርስ በየሌሊቱ ቀይዋን ሞተሯ ዘይት አልቆበት ነክሶ፣ በረሃ መሃል ደርቃ ቆማ አያታለሁ። ደብዳቤው ግን «አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም» ይል ነበር። ተአምር ነው ብዬ ለማርያም ሻማ አበራሁ።

አያቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መጋዘኑን ያፈረስነው ግን ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ሠራተኛ ከግድግዳው የወጣ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ከፈትኩት። የጠብታዋ ቦታ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክብ ሆኖ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ። አንድ ሺህ ኪሎሜትር ከተነዳ ሞተር የሚወጣ ዘይት መሃሉ ጥቁር ይሆናል። ይህ ሞተር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በፍርስራሹ መሃል ቆሜ «ቶክ» የሚለውን ድምፅ እንደገና ሰማሁት።

ያን ማታ ለኦስማር ደወልኩ። ደቡብ ቀረ፣ ግን ደብዳቤው አልቀረም፤ በየሁለት ገናውም በቀይዋ ይመጣ ነበር፣ አያቴም ማንም ሳይጠይቃቸው ከሥሯ ወረቀት ያነጥፉላት ነበር። ስለ ግድግዳው አልነገርኩትም። ስለ ጠብታዎቹ ብቻ ጠየቅኩት።

ሳቀ። «አሁን ነው የገባሽ? እኔ በሁለተኛዋ ጠብታ ጣቴን ነክሬ አየሁት። ንጹህ ዘይት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን እንደገና ፈታህ?»

«ምን ልበላቸው፣ ሚርታ? ልጃቸው አንዴ ጥሏቸው ሄዷል። ሰርቄ መሄድ አልፈለግኩም። ራሳቸው እስኪለቁኝ ጠበቅኩ። ለቀቁኝም።»

ስለ ግድግዳው ልነግረው ነበር፤ ተውኩት። ደግሞስ «ለቀቁኝ» ማለቱ ውሸት ነው? ጠብታዋን ያንጠባጠቡት እሳቸው ነበሩ፤ ወረቀቱ ንጹህ ሊሆን እንደማይችል ከእኔ በቀር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «አንድ ቀን እንጨምር» ማለት ይበቃቸው ነበር። አላሉም።

ያን ጠዋት ግን ይህ ሁሉ የለም። ያን ጠዋት ኦስማር የኔን ጽሑፍ ከኋላዋ ገንጥሎ በእጄ ሰጠኝ፣ ወገቡን አቀፍኩ፣ አያቴ «ሂዱ!» አሉ። አንደኛ ማርሽ። ሁለተኛ። ዶን ኩስቶዲዮ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ኮፍያውን ሲጥል አየሁ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ከዚያ ሙሉ ጋዝ! ሞተሩ ዱ-ዱ ማለቱን ትቶ አንድ ረጅም ዘፈን ሆነ፤ የበቆሎው ማሳ አረንጓዴ ውኃ ሆኖ ፈሰሰ፤ ዓይኔ በነፋሱ ያለቅሳል፣ አፌ ይስቃል። ከነፋስ ወፍጮው በፊት ካለው መታጠፊያ ላይ ዞር ብዬ ወደ ቤት አየሁ። አያቴ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ትንሽ ሆነው፤ ነጩ ወረቀት በእጃቸው ይውለበለባል።

«እያውለበለቡልን ነው!» ብዬ በኦስማር ጆሮ ጮህኩ። ጽሑፌን ከፍ አድርጌ እኔም አውለበለብኩላቸው፣ እስኪጠፉ ድረስ።

ያን ጠዋት ነፋስ ነበር። የአያቴ ክንድ ከጎናቸው እንደተንጠለጠለ አልተነቃነቀም፤ የሚንቀሳቀሰው ወረቀቱ ብቻ ነበር።